ፈረሰኛው ማንን ያያል?

የጊዮርጊስን ሥዕል የማያውቅ ማን አለ? ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ከእግር ሥር የሚንፈራፈር ዘንዶ። ከቤተ መቅደስ ግድግዳ እስከ ቢራ ጠርሙስ ድረስ ስላየነው የምናውቀው ይመስለናል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የልጅ ሥራ ነው፤ ርቀት የለው፣ ጥላ የለው» ይላሉ። እስቲ ዓይኖቹን እንይ። በአገራችን የሥዕል ወግ ጻድቅ ሙሉ ፊቱን ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ክፉው ግን በጎኑ ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ ይደርሰዋል። ይህ ሕግ ነው እንጂ አለመቻል አይደለም። ስለዚህ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ብዙ ጊዜ ዘንዶውን አያየውም። እኛን ነው የሚያየን! ዒላማውን ሳያይ የሚወጋ ጦረኛ የት አለ? ሠዓሊው ይህ ጠፍቶት አይደለም። ሥዕሉ የሚጸለይበት ስለሆነ፣ ከውጊያው ይልቅ ከሚለምነው ሰው ጋር መተያየቱን መረጠ።

ብሩታዊት፣ የቤሩቷ ልጅ፣ በሌላ አገር ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ ናት፤ የኛዎቹ ዛፍ ላይ አወጧት። ደግ አደረጉ፤ ዘንዶ ሲመጣ ሰው ወዴት ይሸሻል?

እኛን ያከራከረን ግን ግርጌው ነው። በብዙ የቆዩ ሥዕሎች ከታች አንድ ሰው አንሶ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ይታያል፤ አጠገቡ ስሙና ልመናው ተጽፏል። ሥዕሉን ያሠራው ነው። (የከፈለው ይሳላል፤ ቀለም የበጠበጠው ግን ስሙ እንኳ አይነሣም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468፣ የነበረው ፍሬ ጽዮን በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕሉ ላይ ስሙን መተዉ ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው።)

ታዲያ ለቱሪስት ሲሸጡ ባየናቸው ቅጂዎች ውስጥ ይህ የተደፋ ሰው የለም። ፈረሱ አለ፣ ዘንዶው አለ፣ ልጅቷም አለች። እጁ የሰላ ሠዓሊ አይተናል፤ መስመሩ ከጥንቱ የሚሻልም አለ። ነገር ግን ለማኙ ሲወጣ የጊዮርጊስ ዓይኖች የሚያዩት ሰው አጡ። ገበያተኛን እያዩ ቀሩ። ሠዓሊውን አንወቅስም፤ እንጀራው ነው። የምንወቅሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ «ባህላዊ ሥዕል» ብሎ የሚያልፈውን ሐያሲ ነው።

ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የቆዩትን ሥዕሎች ሰብስቦ አስቀምጧል። የገባችሁ እንደሆነ ፈረሱን ለጊዜው ተዉት። ከግርጌ ጀምሩ።