ጭጋግ የለበሰው መስታወት፦ ስለ ሶል ላይተር ፎቶግራፎች

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የሥነ ጥበብ ሰው አይደለሁም። አገር ቤት ሳለሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ እነሆ ከአሥር ዓመት በላይ ታክሲ እነዳለሁ። «ታዲያ አንተን ስለ ፎቶግራፍ ምን አገባህ?» የሚለኝ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም አጭር ነው። ዛሬ የማነሳላችሁ ሰው ብዙ ዘመን በካሜራው ሲለቅመው የኖረው እኔ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት የማየውን ነገር ነው፦ ዝናብ ያረጠበ መስታወት፣ ጃንጥላ የያዘ መንገደኛ፣ በረዶ ላይ የቀረ ዱካ፣ የታክሲ መስኮት።

ሰውየው ሶል ላይተር ይባላል። በ1923 ፒትስበርግ ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ በአይሁድ ሃይማኖት ሊቅነታቸው የታወቁ ረቢ ነበሩ፤ ልጃቸውም የእሳቸውን ፈለግ እንዲከተል ይፈልጉ ነበር። እሱ ግን የሃይማኖት ትምህርቱን አቋርጦ በ1946 ሠዓሊ ልሁን ብሎ ኒው ዮርክ ገባ። አባትየው በዚህ ደስ አልተሰኙም። ልጁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስደው ወላጅ በመካከላችን ሞልቶ ስላለ ይህን ማብራራት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

ላይተር ኒው ዮርክ ከደረሰ በኋላ ሪቻርድ ፑሴት ዳርት የተባለ ሠዓሊ ወዳጁ ወደ ፎቶግራፍ ሳበው። በ1948 በቀለም ፊልም ማንሳት ጀመረ። በዚያን ዘመን የቀለም ፎቶ ለማስታወቂያና ለፋሽን መጽሔት እንጂ ለቁም ነገር የሚሆን አይመስልም ነበር፤ ጥበብ የሚባለው ጥቁርና ነጩ ነበር። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የዊልያም ኤግልስተንን የቀለም ፎቶዎች ያሳየው በ1976 ሲሆን፣ ብዙዎች የቀለም ፎቶግራፍ በጥበብ ዓለም ወንበር ያገኘው ያን ጊዜ ነው ይላሉ። ላይተር ግን ከዚያ ሃያ ስምንት ዓመት ቀድሞ ጀምሮታል። ነገር ግን ፊልሙ ከታጠበ በኋላ በወረቀት ማሳተሙ ውድ ስለነበር አብዛኛው ሥራው ስላይድ እንደሆነ ሳጥን ውስጥ ቀረ። እንጀራውን የበላው እንደ ሃርፐርስ ባዛር ላሉ መጽሔቶች የፋሽን ፎቶ በማንሳት ነው። የመንገድ ላይ የቀለም ሥራዎቹን የያዘው «ኧርሊ ከለር» የተሰኘው መጽሐፍ የታተመው በ2006፣ እሱ ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነበር። በ2013 ዐረፈ።

እኔ ይህን መጽሐፍ ያገኘሁት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። የታክሲ ነጂ እኩለ ቀን ላይ ቤተ መጻሕፍት የሚገባበትን ዋና ምክንያት የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል፤ ለሌላው አንባቢ በጨዋ ቋንቋ «እጁን ለመታጠብ» ልበለው። ስወጣ መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አየሁት። ቆሜ ጀመርኩ፤ ወንበር ስቤ ጨረስኩት። መኪናዬ ላይ የቅጣት ወረቀት ተለጥፎ ጠበቀኝ። ቅጣቱን ከፍያለሁ፤ አልጸጸትም።

እስቲ የተወሰኑትን ላስጎብኛችሁ። በ1950 አካባቢ የተነሳው «ዱካዎች» የተሰኘው ፎቶ ከላይ ወደ ታች የታየ ነው። በረዶ የሸፈነው የእግረኛ መንገድ፣ ብዙ ዱካ፣ ከዚያ መሃል አንዲት ቀይ ጃንጥላ የያዘች ሴት። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። በ1958 የተነሳው «ካኖፒ» ደግሞ ከምስሉ አብዛኛው የሱቅ በር ላይ የተወጠረ ሸራ ጥቁር ጥላ ነው፤ መንገደኞቹ በረዶ እየወረደባቸው ከሥር ባለችው ጠባብ ቦታ ውስጥ ያልፋሉ። በ1957 ያነሳው ሌላው ፎቶ የአንድን መንገድ ሕይወት በጣውላዎች መካከል በተረፈች ቀጭን ክፍተት ብቻ ያሳየናል። በ1960 የተነሳው «በረዶ» ደግሞ ጭጋግ በለበሰ መስታወት በኩል የታየ ነው። ውሃው መስታወቱ ላይ መስመር እየሠራ ወርዷል፤ ከመስታወቱ ባሻገር ሰው ቆሟል፤ ፊቱ አይለይም።

እኔና እናንተ ብንሆን ምን እናደርጋለን? መጀመሪያ መስታወቱን እንጠርጋለን። ጣውላውን ዞረን እናልፋለን። ጃንጥላዋን «እስቲ ዝቅ አድርጊያት፣ ፊትሽ ይታይ» እንላለን። ላይተር ግን አይጠርግም፤ አይዞርም። በዓይኑና በነገሩ መካከል የገባውን ጭጋግ፣ ዝናብና እንጨት እንደ እንቅፋት አልቆጠረውም። እንደኔ እንደኔ የሰውየው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። የሚታየው ነገር ከመስታወቱ ማዶ ያለው ብቻ አይደለም፤ መስታወቱም ራሱ የሚታይ ነገር ነው። ቤቱ ውስጥ ሙቀት፣ ውጭው ላይ ብርድ እንዳለ የሚነግረን ጭጋጉ እኮ ነው። የጠራ መስታወት ይህን አይነግረንም።

ደብረ ብርሃን ሳስተምር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን በካርቶን ካሜራ አሠራቸው ነበር። ካርቶኑን በአንድ በኩል በመርፌ ትበሱታላችሁ፤ በሌላው በኩል ዘይት የተቀባ ስስ ወረቀት ትለጥፋላችሁ፤ ብርሃን በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ውጭ ያለው ነገር ወረቀቱ ላይ ተዘቅዝቆ ይታያል። ተማሪዎቹ የሰንደቅ ዓላማውን እንጨት ተገልብጦ ሲያዩ ክፍሉ በሳቅ ይናወጥ ነበር። እኔም እስቃለሁ። ግን አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር፤ በየቀኑ ጠዋት ቆመው መዝሙር የሚዘምሩበትን እንጨት ያን ቀን ገና መጀመሪያ ያዩት ይመስል ነበር። የላይተር ፎቶዎችም ያደረጉብኝ ይህንኑ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥቼ አሥራ አራተኛውን ጎዳና ሳየው አሥር ዓመት የነዳሁበት መንገድ አልመስል አለኝ።

ይህን ስል ግን ሰውየውን ያለ ነቀፋ ማሳለፍ አይሆንልኝም። በ1957 የተነሳ «ታክሲ» የሚባል ፎቶ አለው። በጥቁር ጥላ ውስጥ የመኪናውን ማንጠልጠያ የጨበጠ የተሳፋሪ እጅ ይታያል። ድንቅ ፎቶ ነው። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር «ሾፌሩስ የት ሄደ?» እላለሁ። ተሳፋሪው ማንጠልጠያውን ይዞ ሲያስብ፣ ከፊት ለፊቱ አንድ ሰው ቀይ መብራት እየተመለከተ የዕለቱን የመኪና ኪራይ ያሰላል። ላይተር ቀለም ላይ ዓይኑ ስል ነው፤ ቀለሙ በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ግን ብዙ አይጠይቅም። ከተማዋ በፎቶዎቹ ውስጥ ሁልጊዜ ውብ ናት። እኛ እንደምናውቃት ግን ሁልጊዜ ውብ አይደለችም።

ለነቀፋዬ መልስ ሊሆን የሚችል አንድ ነገር በሕይወቱ ውስጥ አግኝቻለሁ። በ2012 የተሠራ ስለ እሱ የሚናገር ዘጋቢ ፊልም አለ፤ ርእሱ በእኛ ቋንቋ «ብዙም አልቸኩል» እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማው «ባለጸጋ ቢሆን ነው፤ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ይቸኩላል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ላይተር የፋሽን ሥራው ከቀዘቀዘ በኋላ ብዙ ዓመት በገንዘብ ችግር ነው የኖረው። ከ1952 ጀምሮ በኖረበት የኢስት ቪሌጅ ሰፈር እየተዘዋወረ፣ ጊዜው ያለፈበት ፊልም እንኳ ሳይንቅ ነበር ፎቶ የሚያነሳው። አለመቸኮሉ የድሎት አልነበረም፤ በእጁ ያለው እሱው ስለነበር ነው። እንግዲህ ሾፌሩን ባያሳየኝም የሾፌሩን ኑሮ አያውቅም ልለው አልችልም።

ስለ ፊልሙም አንድ ቃል። እኔም አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ቦታ አንድ ፔንታክስ ኬ1000 ካሜራ ገዛሁ። ይህ ካሜራ ከ1976 እስከ 1997 የተመረተ፣ በየትምህርት ቤቱ ለተማሪ ማለማመጃ የነበረ ነው። ባትሪ የሚፈልገው ብርሃን መለኪያው ብቻ ነው፤ ያለ ባትሪም ያነሳል። አንዱ ጥቅል ፊልም ሠላሳ ስድስት ፎቶ ይይዛል። ጥቅሉን ለመግዛትና ለማሳጠብ የሚወጣው ገንዘብ አንድ ተሳፋሪ ከናሽናል ኤርፖርት መሃል ከተማ የማደርስበት ሒሳብ ያህል ነው። እንዲህ ሲሆን ሰው ከማንሳቱ በፊት ያስባል። በስልኬ አንድ ሠርግ ላይ አራት መቶ ፎቶ አንስቼ አንዱንም መለስ ብዬ አላየሁም፤ ከመጀመሪያው ጥቅል ፊልሜ ግን እያንዳንዷ የት እንደተነሳች ዛሬም በቃሌ አውቃለሁ፤ የተቃጠሉትን አሥራ አንዱን ጨምሮ።

ነገር ግን ፊልም ጽድቅ አይደለም። ዛሬ ወጣቱ የፊልም ካሜራ እንደ ጌጥ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይታያል፤ ጥሩ ነው፤ ግን ካሜራው ብቻውን ዓይን አይሰጥም። ላይተር ራሱ በስተርጅናው በዲጂታል ካሜራም አንስቷል። ከሱ የምንማረው የካሜራውን ዓይነት ሳይሆን ምን ይነሳል የሚለውን ይመስለኛል።

ይህም ወደ እኛው ወደ ስደተኞቹ ያመጣኛል። እኛ ምን እናነሳለን? እዚህ አገር እንደገባሁ ለእናቴ የላክኋቸውን ፎቶዎች ላስታውስ። ካፒቶል ሕንፃ ፊት ቆሜ፣ የጓደኛዬን መኪና ተደግፌ፣ በቼሪ አበባ መካከል የተዋስኩትን ኮት ለብሼ። እናቴ በስልክ፣ «ልጄ፣ ነጩ ቤት ያምራል። አንተ የምትተኛው የት ነው?» አለችኝ። ሳቅሁና ወሬ ቀየርኩ። የምተኛው ከሦስት ሰዎች ጋር ምድር ቤት ነበር። የመድረሳችንን ፎቶ እንጂ የመኖራችንን ፎቶ አንልክም። መስታወቱን ጠርገን፣ አንዳንዴም የሰው መስታወት ተውሰን እንልካለን። የምንዋሸው ክፉ ስለሆንን አይደለም፤ እንዳያዝኑ ብለን ነው። ነገር ግን አሥር ዓመት ሲያልፍ እነሱ የሚያውቁት ከሕንፃ ሕንፃ እየዞረ የሚቆም ሰውዬ ይሆናል እንጂ ልጃቸው አይሆንም።

ባለፈው ክረምት ካነሳኋቸው ውስጥ አንዷን በወረቀት አሳትሜ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ላክሁላት። እኔ ፎቶው ውስጥ የለሁም። ሌሊቱን በረዶ ውስጥ ስነዳ ያደርኩበት ጫማ፣ ማሞቂያው አጠገብ ጋዜጣ ላይ ተቀምጦ፣ ከበላዩ ጭጋግ የለበሰ መስኮት፣ መስኮቱ ላይ የሻይ ብርጭቆ። ጥሩ ፎቶ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ጠርዙም ደብዝዟል። ፎቶው በደረሰ በሳምንቱ እህቴ ደወለችና ስልኩን ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ ስለ ጤናዬ አልጠየቀችኝም። ስለ ሥራም አልጠየቀችኝም። «ያንን ጫማ በደንብ ሳይደርቅ እንዳታደርገው፤ አንተ ከልጅነትህም እግርህን ቶሎ ይበርድሃል» አለችኝ። ከአሥር ዓመት በላይ እንዲህ ብላ ተቆጥታኝ አታውቅም፤ የምትቆጣበት ነገር አሳይቻት አላውቅማ። ካርዱ እስኪያልቅ ስለ ጫማ አወራን።

ስለዚህ አንባቢያን ሆይ፣ «ኧርሊ ከለር» በአቅራቢያችሁ ቤተ መጻሕፍት ካለ አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡት፤ ከሌለም አስመጡልን ብላችሁ ጠይቁ፤ ለዚህ ክፍያ የለውም። ካሜራ ግዙ አልላችሁም፤ ስልካችሁ ይበቃል። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ወደ አገር ቤት ፎቶ ስትልኩ ግን፣ ከሐውልቱና ከመኪናው ጋር አንድ የወጥ ቤታችሁን መስኮት ጨምሩበት። እንዳትጠርጉት ብቻ።

እስከሚቀጥለው ወር ቸር ይግጠመን። መኪና የምታቆሙበትን ምልክት ግን ደህና አድርጋችሁ አንብቡ።