ለዕቃ የሚገዛ ቮልስ

ለዕቃ የሚገዛ መኪና ራሱ መንገድ እንዲወጣ ሳይሆን ተፈትቶ ሌላውን እንዲያቆም የሚገዛ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሥራ ለማየት ከቮልስ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ቮልስዋገን በዘመነ ኃይለ ሥላሴ በብዛት ገብቶ የከተማው ሰው ዕለት ተዕለት የሚያየው መኪና ሆነ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡትም በዚሁ መኪና ነበር። ጀርመን ውስጥ መመረቱ እ.ኤ.አ. በ1978 መጀመሪያ ላይ ቆመ። የመጨረሻው ደግሞ ሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ወጣ። እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። እንዲህ በብዛት ስለተሠራ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ቫልቭ፣ ጓርኒሲዮንና የፍሪሲዮን ዲስክ ዛሬም በልዩ ልዩ አገሮች በአዲስ ይመረታሉ። ስለዚህ ያረጀ ቮልስ ለመበተን የሚገዛ ሰው ዓይኑን ሞተሩ ላይ ብቻ ከተከለ ገንዘቡን ያለቦታው ያወጣል። የሚበተን ቮልስ ትልቁ ሀብቱ ሱቅ የማይሸጣቸው፣ ቢሸጥም እንደ ፋብሪካው የማይገጥሙት ትንንሽ ዕቃዎቹ ናቸው፦ የማቀዝቀዣ ላሜራ፣ የበር ቁልፍ ማሽን፣ የመስታወት ማንሻ፣ ማጠፊያ፣ ማሰሪያና ልክ የሆነ ቡሎን።

ሥራው ከሻጭ ግቢ በፊት ይጀምራል። በመጀመሪያ የሚድነው መኪና ከጫፍ እስከ ጫፍ ታይቶ የጎደለው ይጻፋል። ይህ ዝርዝር ሳይኖር የተገዛ የዕቃ መኪና ግቢ ያጣብባል እንጂ ጥቅም የለውም። ቀጥሎ የሁለቱን ዕድሜ ማመሳሰል ይመጣል። ቮልስ ከውጭ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ውስጡ ግን በየዓመቱ ሲለዋወጥ የኖረ ነው። የሻሲው ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር፣ መካከለኛው የወለል ቦይ ላይ ተመትቶ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1969 ባሉት ሞዴሎች የቁጥሩ ሦስተኛ አኃዝ ዓመቱን ይናገራል፤ 118 ብሎ የሚጀምር ቁጥር የ1968 ሞዴል ነው። ወንበሩን አንሥቶ በጨርቅ ጠርጎ ይህን ቁጥር ማንበብ ከሻጩ ጋር ስለ ዋጋ ከመነጋገር ይቀድማል።

ዓመቱ የሚፈለገው በምክንያት ነው። የ1966 ሞዴል ሲመጣ የፊት እግሩ ከኪንግ ፒን ወደ ቦል ጆይንት ተለወጠ፤ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም። ቸርኬው በ1960ዎቹ መጨረሻ ከአምስት ቡሎን ወደ አራት ወረደ፤ በዚያው ዘመን ተዳፍኖ ይታይ የነበረው የፊት መብራት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የፓራፋንጎውም ቅርጽ አብሮ ተለወጠ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት የተደረገው ለውጥ ነው። የ6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ ሲኖረው የ12 ቮልቱ 130 አለው፤ በመጠንም ይበልጣል። የ12 ቮልት ሞተር የ6 ቮልት ካምቢዮ ላይ ለመግጠም የካምቢዮው ቤት ከውስጥ መፋቅ አለበት፤ ሞተሪኖውም ይለወጣል። በአንጻሩ የበር እጀታ፣ የወንበር ሐዲድና ብዙ የውስጥ ዕቃ ከዓመት ዓመት ይዋሳሳል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ገዢ፣ ሞተር አልባ ሆኖ ለወራት የቆመ መኪና ሌላው ሲያልፈው እሱ ያተርፍበታል።

የሚገዛው ሲታይ ከታች ወደ ላይ ነው። የደጋው አየር ለብረት ደግ ነው፤ አስፋልት ላይ የሚበተን የበረዶ ጨውም የለም። ዝገት ግን ውኃ በሚያቁርበት ቦታ ሁሉ አለ። ባትሪው ከኋላ ወንበር በስተቀኝ ሥር ስለሚቀመጥ አሲዱ እዚያው ወለሉን ይበላዋል። ከበሩ ሥር ያለው ቦይ ደግሞ ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያመላልስ ባዶ ሣጥን ነው፤ እርጥበት ከገባበት ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል፤ በዓይን ሲታይ ደህና የሚመስለው በካቻቢቴ ሲነካ ይበሳል። ፓራፋንጎና ኮፈን በማግኔት ይፈተናሉ፤ ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። በእርግጥ ለሚበተን መኪና የበሰበሰ ወለል ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል። ነውሩ የሚፈለገው ዕቃ ላይ ሲሆን ነው።

ሞተሩ ባይነሣም የሚናገረው ነገር አለው። ፑሌጃውን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ራስ መሳብ፣ ከዚያ መግፋት ነው። ክራንክሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሊሄድ የሚገባው በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፤ ልኩ ከ0.07 እስከ 0.13 ሲሆን የመጨረሻው ወሰን 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ያህል እንቅስቃሴ እጅ እምብዛም አይለየውም። ስለዚህ ሲሳብና ሲገፋ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ የሞተሩ ቤት ተበልቷል፤ ያን ቤት ወደ ልኩ ለመመለስ ሰፋ ያለ የሬክቲፊካ ሥራ ይጠይቃል። ፑሌጃው በኪያቤ ሲዞር በአራት ቦታ እኩል ከከበደ ሲሊንደሮቹ ገና እስትንፋስ አላቸው ማለት ነው። ቴስታታው ተፈትቶ ሲታይ በካንዴላው ቀዳዳና በቫልቩ መቀመጫ መካከል ስንጥቅ ይፈለጋል። ይህ ቦታ ይሰነጠቃል፤ የሚሰነጠቀውም ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲግል ነው።

የሙቀት ነገር ከተነሣ ስለ ማቀዝቀዣ ላሜራዎቹ በሰፊው መናገር ግድ ይላል። ቮልስ ራዲያተር የለውም። ዲናሞው ጫፍ ላይ ያለው ማራገቢያ አየር ስቦ ሲሊንደሮቹ ላይ ወደ ታች ይነፋል። ሞተሩን ዙሪያውን የከበቡት ስስ ላሜራዎችና ከዳር ያለው የላስቲክ ማሸጊያ ሥራቸው ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ካለው ትኩስ አየር መለየት ነው። አንዱ ላሜራ ከጎደለ ማርሚታው ያጋለው አየር ተመልሶ ወደ ላይ ይሳባል፤ ሞተሩም የገዛ ትንፋሹን መልሶ ይተነፍሳል። ከሲሊንደሮቹ ሥር ተደብቀው የሚቀመጡት ትንንሾቹ ላሜራዎች ደግሞ አየሩ በሲሊንደሩ ጀርባ ዞሮ እንዲወጣ ያስገድዱታል። በቆዩት ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ በአየሩ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ያ ሲሊንደር የሚደርሰው አየር ቀድሞ የሞቀ ነው፤ ሞተር ሲቃጠልም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፋብሪካው ይህን ያረመው በ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ አውጥቶ የራሱ የአየር መውጫ በመስጠት ነው። አዲስ አበባ ላይ ችግሩ ይብሳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው፤ በዚያ ላይ የእንጦጦ ዳገት አለ። ሞተር በታደሰ ቁጥር ላሜራ መግጠም አድካሚ ነው እየተባለ አንድ አንድ ሲቀር፣ ከጥቂት እድሳት በኋላ ብዙ ቮልስ ራቁቱን ሞተር ይዞ ይቀራል። እንግዲህ ላሜራው ሙሉ የሆነ፣ ከቀኝ ሲሊንደሮች ሥር ያለው ቴርሞስታትና የአየር በሮቹ ሳይወልቁ የቆዩለት ሬሳ ቮልስ ቢገኝ፣ ሞተሩ ደርቆ የተያዘ ቢሆን እንኳ ለዚህ ብቻ ሊገዛ ይገባል።

ወረቀቱ ከብረቱ እኩል ይመረመራል። የሻሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑ፣ ያልተከፈለ የቦሎ ዕዳ ወይም ቅጣት አለመኖሩ፣ ሻጩ ባለቤት ወይም ሕጋዊ ወኪል መሆኑ ሳይረጋገጥ ገንዘብ አይከፈልም። ውሉ ለሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ይጸድቃል። መኪናው ሲበተን ታርጋውና ሊብሬው ለሰጠው መሥሪያ ቤት ተመልሰው ከመዝገብ ይሰረዛሉ። የሞተ መኪና ሊብሬ ይዞ ወረቀት የሌለው ሌላ መኪና ላይ ቁጥር ማዛወር ወንጀል ነው፤ ለተሰረቀ መኪና መሸሸጊያ የሚፈጠረውም በዚሁ መንገድ ነው። ቁጥሩ የተመታበት ብረት ተቆርጦ ለማንም አይሰጥም።

ሁሉም አሮጌ ቮልስ ግን አይበተንም። የኋላ መስታወቱ ለሁለት የተከፈለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1953 በፊት የተሠራ፣ ወይም እስከ 1957 የተሠራው ሞላላ መስታወት ያለው ቢገኝ መፍታት ጥፋት ነው፤ እንዲህ ያለው የቱንም ያህል ቢጎሳቆል በሌላ መኪና ዕቃ መዳን ያለበት እሱ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከተሠሩት መካከልም ወለሉና የበሩ ሥር ቦይ ጤነኛ፣ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ሞተር ብቻ ያጣ መኪና ሊነሣ ይችላል። በተለይ አዲስ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የቆመን መኪና ማስነሣት ከበፊቱ የተሻለ ስሌት ሆኗል። ለመበተን የሚገባው ሻሲው የተጣመመ፣ በአደጋ የተጨረማመተ ወይም ዝገት መሠረቱን የጨረሰው ነው።

አንድ ሰው ለብቻው ሙሉ መኪና ከሚገዛ ሁለት ሦስት ባለ ቮልሶች እንደ ቅርጫ ተደራጅተው ቢከፋፈሉት ይመረጣል። አንዱ የፊት እግሩን፣ ሌላው በሮቹንና መስታወቱን፣ ሦስተኛው ካምቢዮውን ይፈልጋል። የማን ምን እንደሆነ ግን ከመፈታቱ በፊት በጽሑፍ ይለይ፤ ቡሎን ከተነካ በኋላ የሚጀመር ክፍፍል ጓደኛ ያጣላል።

ሲፈታ መጀመሪያ ባትሪው ይነቀላል፤ ከፊት ኮፈን ሥር ያለው ሰርባትዮ ይራገፋል። የኋላ ጎማ መሐል ያለው 36 ሚሊ ሜትር ዳዶ መኪናው ገና በጎማው ቆሞ ሳለ ይላላ፤ በጣም ስለሚጠብቅ ክሪክ ላይ ከተሰቀለ በኋላ መታገል አደገኛ ነው። የዛጉ ቡሎኖች ዘይት ጠጥተው ያድሩ። ሞተሩ ካምቢዮው ላይ የታሰረው በአራት ቦታ ብቻ ስለሆነ ሽቦዎቹ፣ የነዳጅ ቱቦውና ገመዶቹ ከተላቀቁ በኋላ ሁለት ሰው በጥሩ ክሪክ ያወርደዋል። ሽቦ በመቀስ አይቆረጥም፤ እያንዳንዱ ጫፍ ከየት እንደወጣ እየተጻፈበት ሙሉው ጥቅል ከነማገናኛው ይወጣል። አሮጌ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራው በውኃ ይረጥብ እንጂ በአየር አይነፋ። የኋላውን የቶርሽን ባር የሚይዘው ጠፍጣፋ ብረት ተወጥሮ የተቀመጠ ነው፤ ሳይታሰር ከመቀመጫው ከወጣ ተስፈንጥሮ አጥንት ይሰብራል። ይህን ሥራ የሚያውቅ መካኒክ ካልያዘው ባይነካ ይሻላል።

የወጣው ዕቃ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በአቀማመጥ ነው። መስታወት ተኝቶ ሳይሆን ቆሞ፣ ከሥሩ ጨርቅ ተደርጎ ይቀመጣል። ላስቲክ ከፀሐይ ይራቅ። ካምቢዮ ዘይቱ እንዳለ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው፣ ሞተር በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎለት ይቆያል። ቡሎኖች ከሚያስሩት ዕቃ ጋር በአንድ ከረጢት ይሁኑ፤ የፓራፋንጎ ቡሎን ከፓራፋንጎው፣ የማጠፊያው ከበሩ አይለይ። የላሜራዎቹም ዊንቶች እንዲሁ፤ ሲገጠሙ ልካቸውን ፍለጋ ቀን የሚፈጀው እነሱ ናቸው።

መጨረሻ ላይ የሚቀረው ባዶ ቀፎ ወደ ምናለሽ ተራ ወይም ብረት ለሚያቀልጥ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት የማይጠቅመው የሞተር ቤት ከብረቱ ይለይ። የሞተሩ ቤት ማግኒዥየም የበዛበት ስለሆነ ቀላልና ነጣ ያለ ነው፤ በጋዝ ነበልባል ሊቆረጥ ከተሞከረ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ውኃ ሲደፋበት ደግሞ እሳቱ ይብሳል። ስለዚህ በመጋዝ ተቆርጦ ወይም እንዳለ፣ ምንነቱ ተነግሮ ለገዢው ይሰጣል።