ግፍን ስለሚገልጥ ፖስተር

ከበየዳና ከደባርቅ ደጋ ወንዱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ሲወርድ፣ ሴቷም በቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ስትሻገር፣ በሁለቱም ላይ የሚደርሰውን ግፍ በፖስተር ገልጦ በአደባባይ ሊለጥፍ የሚነሣ ሠዓሊ ሁሉ፣ ብሩሹን ቀለም ከማስነካቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የተበደለውን ሰው በምን ዓይነት ገጽ ላሳየው የሚል ነው።

በ2004 ዓ.ም. በቤይሩት፣ በገዛ አገሯ ቆንስላ ደጃፍ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ እየጮኸች በግድ ወደ መኪና ስትጎተት የሚያሳየው ፊልም በተሠራጨ በጥቂት ቀናት ውስጥ እርሷ በሆስፒታል ሕይወቷ አለፈ፤ ያ የመጎተቷ ቅጽበትም በየአገሩ ተባዛ። ሐዘናችን እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ተመልካች የወደቀችውን ብቻ እያየ የጣላትን ሥርዓት እንዳይዘነጋ እሰጋለሁ። የግፉ ሥር ከጎታቹ እጅ ይልቅ ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ውስጥ ተሰውሮ ይኖራልና፤ በዚህ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ስለ ሆነ፣ በደል ሸሽታ ከቤት በወጣች ዕለት ሕገ ወጥ ትባላለች፤ የሊባኖስ የሥራ ሕግም እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል።

የተሰወረውን ለዓይን መግለጥ ለአገራችን ጥበብ እንግዳ አይደለም። የጥንት ሠዓልያነ ቤተ ክርስቲያን ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ዓመፀኛውን ግን በአንድ ዓይኑ ወደ ጎን አዙረው ይሥሉ ስለ ነበር፣ ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ፍርዱን ከግድግዳው ያነብ ነበር። እኔም በዚህ የአሣሣል ሥርዓት ለሠራተኛዋ ሙሉ ገጿን ሰጥቼ ተመልካቹን በሁለት ዓይኗ እንድታየው አደርጋለሁ፤ አሠሪውን ወደ ጎን አዞርና ፓስፖርቷን የጨበጠውን እጁን ብቻ አጎላለሁ። በብራና መጻሕፍታችንም የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም የሚጻፍ በመሆኑ፣ ቀዩን በደም ሥዕል አላባክነውም፤ እርሷ በምትጠይቀው ቃል ላይ አውለዋለሁ።

ቃሉም አንድ መሆን አለበት፤ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው 189ኛ ስምምነት፣ ፓስፖርትን በራስ እጅ መያዝም፣ በሳምንት ቢያንስ የ24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ማግኘትም የቤት ሠራተኛ መብት ሆኖ ተደንግጓልና፣ ለየመብቱ የራሱ ፖስተር ይገባዋል፤ ሁሉን በአንድ ላይ ያጨናነቀ ሰሌዳ ለአላፊ አግዳሚ አይነበብም።

ደባርቅ ላይ የተለጠፈ ፖስተር የቤይሩቷን እመቤት አይደርሳትም የሚሉኝ አሉ። ለእርሷ አልሠራሁትም። በዚያ ግድግዳ ሥር የሚያልፉት ደላላው፣ በሬውን ሸጦ የጉዞውን ገንዘብ የሚከፍለው አባት፣ ነገ የምትሄደው ልጅና ደመወዙን ተነፍጎ ከቆላ የተመለሰው አጫጅ ናቸው፤ ልጅቷ መብቷን ከመሄዷ አስቀድማ ካወቀች፣ አባቷም ውሉን ሳያስነብብ ካላሰናበታት፣ ደላላውም በሕዝብ ፊት ካፈረ፣ ሥዕሉ የተሠራበትን ግዳጅ ፈጽሟል።