የአራት ዓመቱ ዲግሪና ያልተቆጠሩት ዓመታት፤ በውጭ አገር ስለሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ የሙዚቃ ትምህርት የቀረበ ሂስ

አንድ ወጣት በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ አጥንቶ በመጀመሪያ ዲግሪ እንዲመለስ ሲታሰብ፣ በእኛ በኩል የሚነሡት ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው፤ «ስንት ዓመት ይፈጃል?» እና «ወጪውን ማን ይችላል?» የሚሉት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ ጥያቄዎች ተገቢ ቢሆኑም ብቻቸውን በቂ አለመሆናቸውን ማስረዳት ነው። ምክንያቱም የሙዚቃ ዲግሪ የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ሳይሆን፣ በሰነዱ ላይ ከማይታዩት የልጅነት ዓመታት ነው፤ ከምረቃ በኋላም ሌሎች ያልተቆጠሩ ዓመታትን ይጠይቃል።

የእንግሊዝን አገር ምሳሌ እንውሰድ። በዚያ የመጀመሪያ ዲግሪ የሙዚቃ ትምህርት በአብዛኛው የሚፈጀው ሦስት ዓመት ነው። ይህ አጭር ዘመን ግን የቆመው በረጅም መሰላል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 የተመሠረተው የሮያል ሙዚቃ ትምህርት ቤቶች የጋራ ፈታኝ ቦርድ የመሣሪያ ጨዋታን በ8 ደረጃዎች ከፍሎ ይፈትናል፤ ወደ ስድስተኛው ደረጃ ለመሻገርም ተፈታኙ አስቀድሞ የአምስተኛውን ደረጃ የንድፈ ሐሳብ ፈተና ወይም ተመጣጣኙን ማለፍ ይኖርበታል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከአመልካቹ የሚጠብቁት ደግሞ የስምንተኛውን ደረጃ ችሎታ ነው። ስለዚህ በሰባት ዓመቱ ፒያኖ ወይም ቫዮሊን የጀመረ ልጅ ከዩኒቨርሲቲው በር ሲደርስ አሥር ዓመት ያህል ተምሯል ማለት ነው። ከእኛ አገር የሚሄደው ተማሪ ኖታ ማንበብ የሚጀምረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። መምህሩ ዜማ በፒያኖ እየመታ ተማሪዎቹ ሰምተው በኖታ እንዲጽፉት ሲያዝ ወደ ኋላ የሚቀረው ተሰጥዎ አንሶት አይደለም። ብዙ ዜማ በቃሉ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ፈተናው ግን ይህን አይጠይቀውም።

በአሜሪካ ደግሞ ትምህርቱ አራት ዓመት ሲሆን፣ በስም የሚቀራረቡ በዓላማ ግን የሚለያዩ ዲግሪዎች አሉ። የአገሪቱ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ብሔራዊ ማኅበር ባወጣው መመዘኛ መሠረት፣ በመሣሪያ ጨዋታ ወይም በድርሰት በሚሰጠው ባችለር ኦቭ ሚዩዚክ ከጠቅላላው ትምህርት ቢያንስ 65 ከመቶው ሙዚቃ ነው። ሙዚቃን ዋና ትምህርት ባደረገው ባችለር ኦቭ አርትስ ግን የሙዚቃው ድርሻ ከ30 እስከ 45 ከመቶ ነው። ለትምህርት ቤት መምህርነት የሚያዘጋጀው ዲግሪ ደግሞ የማስተማር ዘዴንና የክፍል ውስጥ ልምምድን ይጨምራል። የመጀመሪያው ተጫዋችን ወይም ደራሲን፣ ሁለተኛው በሰፊው የተማረ ሰውን፣ ሦስተኛው መምህርን ለማፍራት የታሰቡ ናቸው። በእኛ መዝገብ ግን ሦስቱም «በሙዚቃ የመጀመሪያ ዲግሪ» ተብለው በአንድ ረድፍ ይሰፍራሉ።

ወደ ትምህርቱ ይዘት ስንገባ የሚነሣው ሂስ ከዚህም ይጠልቃል። የእነዚህ ዲግሪዎች የንድፈ ሐሳብ መሠረት በአብዛኛው የአውሮፓ የኅብረ ድምፅ ሥርዓት ነው፤ ጆሮ የሚሠለጥነውም አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ርቀቶች በከፈለው ፒያኖ ነው። በእርግጥ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ሙዚቃ የሚያጠኑ ኮርሶች በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተጨምረዋል፤ ዳሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት ከዋናው ግንድ እንደ ወጣ ቅርንጫፍ ሆነው ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ከመሰንቆና ከክራር ሲሰማ ያደገ ጆሮ ደግሞ ከፒያኖው ርቀት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም።

የዶክተር አሸናፊ ከበደ የትምህርት ጉዞ በዚህ ረገድ አስተማሪ ነው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1962 በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥር ካለው ከኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ አግኝተው ተመለሱ፤ የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኑ። ይሁን እንጂ የሕዝቦችን ሙዚቃ በጥናት ለመመርመር እንደገና ተማሪ ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። በእኔ ግምት በሁለቱ ዲግሪዎች መካከል ያለው ርቀት የመጀመሪያው ሳይመልሰው የቀረ ጥያቄ መኖሩን ያመለክታል።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ እጩ ወደ ውጭ ሲላክ ማመልከቻውን ከመረመሩት አንዱ ነበርሁ። የጠየቅነው የዩኒቨርሲቲውን ስምና የትምህርቱን ዘመን ብቻ ነው። ወጣቱ በፒያኖ ጨዋታ በማዕረግ ተመርቆ ተመለሰና ፒያኖ በሌለው የመምህራን ማሠልጠኛ ተመደበ። አንድ ቀን ከወሎ የመጣ ሠልጣኝ በመሰንቆ አንቺሆዬ ሲጫወት፣ ለማስተማሪያ እንዲሆነን ዜማውን በኖታ እንዲያሰፍርልን ለመንሁት። ጻፈ፤ ሠረዘ፤ ደግሞ ጻፈ። በመጨረሻም እርሳሱን አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ የጻፍሁት በተማርሁት ሥርዓት ትክክል ነው፤ እሱ የተጫወተው ግን ይህን አይደለም» አለኝ። ጥፋቱ የወጣቱ አልነበረም፤ የእኔም ፊርማ ያረፈበት ውሳኔ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ የውጭውን ትምህርት ማጣጣል ግን ስሕተት ይሆናል። ኖታን እንደ ፊደል ማንበብ፣ ድርሰትን መተንተን፣ በኦርኬስትራ ውስጥ የሌላውን ድምፅ እየሰሙ መጫወት በቀላሉ የማይገኙ ሀብቶች ናቸው። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ በመጀመሪያ በያሬድ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በቡልጋሪያ በሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ተምረው የአገራቸውን ዜማዎች ለፒያኖ ማቀናበራቸው፣ በአገር ውስጥ የተጣለ መሠረት በውጭ እንዴት እንደሚያፈራ ያሳያል።

በመሆኑም ለፕላን አውጪዎችና ለመምህራን ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ እጩው ከመመረጡ በፊት የሚመለስበት የሥራ መደብ ተለይቶ ይታወቅ፤ የዲግሪውም ዓይነት ከዚያ ይመረጥ። ለማሠልጠኛ ኮሌጅ መምህር የሚያስፈልገው የተጫዋች ዲግሪ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ከጉዞው በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት በኖታ ንባብ፣ በጆሮ ልምምድና በአንድ መሣሪያ የሚዘጋጅበት ጊዜ ይመደብ፤ ይህም የዲግሪው ዘመን አካል ሆኖ ይቆጠር። ሦስተኛ፣ ተማሪው የአገሩን ዜማዎች ቅጂ ይዞ ይሂድ፤ የመመረቂያ ሥራውንም ዩኒቨርሲቲው እስከፈቀደለት ድረስ በእነሱ ላይ ያድርግ፤ ሲመለስም ከክራርና ከመሰንቆ ባለሙያዎች ጋር የሚሠራበት አንድ ዓመት ይሰጠው።

በያዝነው ዓመት የሌላ እጩ ማመልከቻ በጠረጴዛዬ ላይ ይገኛል። በቅጹ ላይ የትምህርቱ ዘመን «አራት ዓመት» ተብሎ ተሞልቷል። አበው መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው እንዳሉት፣ ከፊርማው በፊት ከአራቱ ዓመታት በፊትና በኋላ ያሉትን ዓመታት ቆጥሬ በዚያው ቅጽ ላይ ለማስፈር ወስኛለሁ።