እግር ተፈታ፣ ወገብ ታሰረ
(የባሌት ልብስና ፋሽን በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ማብቂያ)

ባለፈው የውይይት ምሽታችን አንድ ጓደኛችን ብድግ ብሎ፣ «የሴትን ልጅ እግር ከረጅም ቀሚስ እስራት ፈትቶ ያወጣው የባሌት ቀሚስ ነው» አለ። አብዛኞቻችን አጨበጨብን። ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ግን ነገሩ ይከነክነን ጀመር። እውነት ፈትቷል ወይ? ፈትቶስ ከሆነ ምኑን ነው የፈታው? ይህን ጽሑፍ የወለደው ይኸው ጥያቄ ነው። «ልብስ ደግሞ ምን ሂስ ያስፈልገዋል? ይሄ የልብስ ሰፊ ጉዳይ አይደለም እንዴ?» የሚለን አይጠፋም። እኛ ግን ልብስም እንደ ድርሰት ይነበባል ባዮች ነን። ደራሲ አለው፤ አንባቢ አለው፤ ከዚያም በላይ በገላው የሚሸከመው ሰው አለው።

አስቀድመን ቦታውን እንየው። ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡት ከ1837 እስከ 1901 ነው (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዘመናቸው ማብቂያ ላይ የለንደን ሕዝብ ባሌት የሚያየው በአብዛኛው በሌስተር አደባባይ በነበሩት በአልሃምብራና በኤምፓየር ነበር። እነዚህ ቤቶች ዘፈኑም፣ ቀልዱም፣ የአክሮባቱ ትርኢትም ባንድ ምሽት የሚቀርብባቸው፣ ተመልካቹም እየጠጣ የሚዝናናባቸው አዳራሾች ናቸው። ኤምፓየር ከ1887 ጀምሮ የባሌቱን ቅንብር ለቪየናዊቷ ለካቲ ላነር፣ የልብሱን ንድፍ ደግሞ «ዊልሄልም» በሚል የብዕር ስም ለሚታወቀው እንግሊዛዊ ለዊልያም ፒቸር ሰጠ።

እስቲ ከ1890ዎቹ ባንዱ ምሽት ደጁ ላይ ቆመን እንመልከት። ከሠረገላ የምትወርደው ወይዘሮ ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል፤ ቁርጭምጭሚቷ እንኳ አይታይም። እጅጌዋ ከትከሻዋ ላይ እንደ ፊኛ ተነፍቷል። ከቀሚሱ ሥር በብረትና በዓሣ ነባሪ አጥንት የተዋቀረ ኮርሴት ወገቧን ቀርቅቦ ይዟል። ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ደግሞ ባሌሪናዋን እናገኛለን። የሷ ቀሚስ ጉልበቷ አካባቢ ላይ ያበቃል። ታርላታን ከሚባል ስስ የጥጥ ጨርቅ ተደራርቦ የተሠራ ነው። እግሯ ሥጋ በሚመስል ጥብቅ ካልሲ ውስጥ ሆኖ ለሁሉም ይታያል። ወይዘሮዋ አደባባይ ላይ እንዲህ ብትወጣ ኖሮ ጉድ በተባለ ነበር።

በዚህ እግር ላይ የተነሣው ክርክር ቀላል አልነበረም። ስቲዋርት ሄድላም የሚባሉ የምሥራቅ ለንደን ቄስ በ1877 ስለ ቴአትር ቤቶችና ስለ ሙዚቃ አዳራሾች በጎ ንግግር በማድረጋቸው በተከታዩ ዓመት ከሥራቸው ተባረሩ። እሳቸው ግን አርፈው አልተቀመጡም፤ በ1879 ቤተ ክርስቲያንንና መድረክን የሚያቀራርብ ማኅበር አቋቋሙ። በሌላ ወገን ላውራ ኦርሚስተን ቻንት የተባሉት ሴት በ1894 የኤምፓየር ፈቃድ እንዳይታደስ ተሟገቱ። ዋናው ክሳቸው በአዳራሹ መተላለፊያ ስለሚዘዋወሩት ሴተኛ አዳሪዎች ቢሆንም፣ የተወዛዋዦቹንም ልብስ ገላ የሚያሳይ ነው ሲሉ ነቅፈዋል። የለንደን ምክር ቤት መተላለፊያው እንዲከለል አዘዘ። መከለያውን ግን የተቆጡ ወጣቶች አፈራረሱት፤ ከነሱም አንዱ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዊንስተን ቸርችል ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ደጋፊውም ነቃፊውም በይበልጥ ዓይኑን የጣለው እግር ላይ ነው። ጓደኛችንም ያየው እግሩን ነው። እኛ ደግሞ ትንሽ ከፍ ብለን ወገቡን እንይ።

ወይዘሮዋና ባሌሪናዋ ቀሚሳቸው ሲታይ ሰማይና ምድር ናቸው። ወገባቸው ላይ ሲደረስ ግን ባንድ መቀስ የተቆረጡ እኅትማማቾች ሆነው ይገኛሉ። ባሌሪናዋም እንደ ወይዘሮዋ በኮርሴት ታስራለች። ልዩነቱ ወይዘሮዋ ታስራ ትቀመጣለች፤ ባሌሪናዋ ታስራ ትዘላለች። በ1880ዎቹ ከተማው ቀሚስን ከኋላ በትራስና በሽቦ ሲያሳብጥ፣ የመድረኩም ቀሚስ ብዙ ጊዜ ከኋላ አብጦ ይታይ ነበር። ሴቶች የወንድ ሚና ይዘው ወታደር ወይም መኮንን ሆነው ሲወጡ እንኳ ከደንብ ልብሱ ሥር ያው የጠበበ ወገብና ያው የሰፋ ዳሌ አለ። ባሌሪናዋ ተረት ውስጥም ትግባ ጦር ሜዳ፣ የዘመኑን ወገብ ይዛ ነው የምትገባው።

ዊልሄልምን የምንነቅፈው እዚህ ላይ ነው። ቀለም በማዋሐድ የተካነ ሰው መሆኑን አንክድም። በ1898 በቀረበው «ፕሬስ» በተባለው ባሌት ጋዜጦችን በሴቶች መስሎ አለበሳቸው። የዴንማርክ ተወላጅ የሆነችው አዴሊን ዤኔም የፕሬስን ነፃነት ሆና ተወዛወዘች። ሐሳቡ ግሩም ነው። ግን የዚያን ዘመን ፎቶግራፎቿን ያየ ሰው በሁለት መዳፍ የሚጨበጥ የሚመስል ወገብ ያያል። ነፃነት ወገቧ ታስሮ ስትወጣ ቅርጹ ይዘቱን ከዳው እንላለን። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ይሄው ነው።

እርግጥ ነው፣ ጓደኛችንን ጨርሰን ልንረታው አንችልም። ቀሚሱ ባያጥር ኖሮ በጣት ጫፍ የመቆሙ፣ የመሽከርከሩና የመዝለሉ ጥበብ ለዓይን ባልተገለጠም ነበር። ይህን እንቀበላለን። ግን የተገለጠው ነገር ሁሉ ተፈታ ማለት አይደለም።

ደግሞም ያ ስስ ጨርቅ ሌላ ዕዳ ነበረበት። መድረኩ በዘይትና በጋዝ መብራት በሚበራበት ጊዜ፣ እንደ ነጠላ የሳሳ ጨርቅ ለብሶ በነበልባል አጠገብ መሽከርከር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እሳት ካየው ምን ለየው! በ1844 ክላራ ዌብስተር በለንደኑ ድሩሪ ሌን ቴአትር መድረክ ላይ ልብሷ ተያይዞ ሞተች። በፓሪስ ደግሞ ኤማ ሊቭሪ በ1862 በልምምድ ላይ ሳለች ተቃጥላ፣ ከወራት ሥቃይ በኋላ በ1863 አረፈች። ጨርቁ ቶሎ እንዳይቀጣጠል የሚነከርበት መድኃኒት ነበረ። እሷ ግን ቀሚሱን ያደርቀዋል፣ ያደበዝዘዋል ብላ አልፈለገችውም። በሷ እንፈርድ ይሆን? ተመልካቹ ደመና የመሰለ ቀሚስ እንዲያይ አስለምደውት፣ ደመናውን እንድታቀርብ የሚጠበቀው ከሷ ነው።

ለውጡ የመጣው ከልብሱ ሳይሆን ከመብራቱ ነው። በ1881 የተከፈተው የለንደኑ ሳቮይ ቴአትር ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ በራ። በዚያው ዓመት ሥራ አስኪያጁ ሪቻርድ ዶይሊ ካርት በሕዝብ ፊት የበራ አምፖል በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰበረው፤ ጨርቁ አልተቃጠለም። በተከታዩ ዓመት በዚሁ መድረክ በቀረበው «አዮላንቴ» ውስጥ መናፍስት ሆነው የሚጫወቱት ሴቶች በራሳቸው ላይ ትናንሽ አምፖሎች አብርተው ታዩ።

ታዲያ ወገቡን ማን ፈታው? በዚያው በ1881 በለንደን የተቋቋመው ምክንያታዊ አለባበስን የሚሰብክ ማኅበር ኮርሴትን ነቀፈ፤ የሴት የውስጥ ልብስም ክብደቱ ከ7 ፓውንድ፣ ማለት ከ3 ኪሎ ጥቂት ከሚበልጥ፣ እንዳያልፍ ጠየቀ። ይህ ዝቅ ያለው ልክ ከሆነ፣ ከፍ ያለው ስንት ይሆን? በመድረክ በኩል ደግሞ ኬት ቮንና ሌቲ ሊንድ በጌይቲ ቴአትር ረጅም ቀሚስ እያውለበለቡ መወዛወዝን አስወደዱ። ከነሱ ቀጥላ አሜሪካዊቷ ሎይ ፉለር በ1892 በፓሪስ በሐር ጨርቅና በባለ ቀለም መብራት ተመልካቹን አፍዛ አስቀረችው። በጨርቁ ውስጥ በትሮች ይዛ ታንቀሳቅሰዋለች፤ የወገቧ መስመር በሐሩ ማዕበል ውስጥ ይጠፋል። ለፈጠራዋም በ1894 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት አግኝታለች። እንቆቅልሹን አያችሁት? አጭሩ ቀሚስ እግርን አሳይቶ ወገብን አሰረ፤ ረጅሙ ቀሚስ እግርን ሸፍኖ ገላን ለራሱ ተወለት።

ስለዚህ ለጓደኛችን የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። የልብስን ነፃነት በርዝመቱና በእጥረቱ አንለካውም። ከተመልካቹ ወንበር ላይ ሆነን ብቻ ስናይ የሚታየን እግር ነው። ለባሿ ቦታ ላይ ሆነን ብናይ ግን የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ መተንፈስ ትችላለች? አትቃጠልም? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ያልጠየቀ የልብስ ሂስ ከወንበሩ አልተነሣም። አይ፣ ተሳስታችኋል የሚል ካለ፣ የሚቀጥለው እትም ገጹ ክፍት ነው፤ ይጻፍልን።