«ስሕተት አልተገኘም» የሚለው መልስና የሒሳብ መዝገብ እውነትነት

በኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት በኮምፒዩተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በሰፊው የታወቀው መሣሪያ ፒችትሪ የተባለው ፕሮግራም ነው። ባለቤቱ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ስሙን ወደ ሴጅ 50 ቢለውጠውም፣ በሠልጣኞች ዘንድ የሚጠራው በቀድሞ ስሙ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፕሮግራሙን ማወደስ ወይም መንቀፍ ሳይሆን፣ የስሕተት መመርመሪያና መጠገኛ ክፍሉ በሥልጠና ላይ የሚቀርብበትን መንገድ መመዘን ነው።

መመርመሪያው በበኩሉ ጠቃሚ ነው። ሒሳብ በመመዝገብ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ሊጎዳ፣ የአንድ ደንበኛ ዕዳ ድምርም በዕለት መዝገቡ ከሰፈረው ጋር ሊለያይ ይችላል። መመርመሪያው እንዲህ ያለውን ልዩነት ፈልጎ ያሳያል፤ የፋይሉንም ማውጫ እንደገና ያዋቅራል። ጥገናው መረጃውን ሊለውጥ ስለሚችል አስቀድሞ መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እስከዚህ ድረስ ሥልጠናው አይነቀፍም። ጉድለቱ የሚጀምረው «ስሕተት አልተገኘም» የሚለው መልስ በታየ ጊዜ ምርመራው ሁሉ እንደ ተፈጸመ ሲቆጠር ነው።

ለምሳሌ ያህል ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሐሙሲት የሚሠራ አንድ የሩዝ ነጋዴ ይታሰብ። ፒችትሪ የሚሠራው በአውሮፓ አቆጣጠር በመሆኑ የኢትዮጵያን ወራት ወሰን የሚያስገባው የሒሳብ ሠራተኛው ነው። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስለ ነበረች፣ ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የወራቱ መባቻ በአንድ ቀን ተገፍቶ ነበር። ስለዚህ ጥር 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 7 ሲውል፣ ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን የዋለው ፌብሩዋሪ 8 ነው፤ ዕለቱም የከተማዋ ስም የሚያስታውሰው ሐሙስ ነበር። ሠራተኛው ያለፈውን ዓመት ወሰን እንዳለ ገልብጦ ቢሆን የዚያ ሐሙስ ሽያጭ በሙሉ ከጥር ወጥቶ በየካቲት ይመዘገባል። በዚህም የወሩ ገቢና የወሩ ታክስ ይዛባል፤ ዴቢትና ክሬዲቱ ግን እኩል ስለሆነ መመርመሪያው አንዳች አይናገርም።

የስም አጻጻፍም ሌላው የስሕተት ምንጭ ነው። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በልዩ ልዩ መልክ ይጻፋል፤ ፕሮግራሙም በመለያዎች ላይ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ለይቶ ይቆጥራል። በመሆኑም አንድ ገበሬ ሁለት ሰው ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ያስረከበው ሩዝ በአንዱ መለያ፣ የተቀበለው ቅድሚያ ክፍያ በሌላው ከሰፈረ፣ ይኸው ሰው በአንድ ገጽ አበዳሪ፣ በሌላው ገጽ ባለዕዳ ይሆናል። በሩዙ የከፈለውን ዕዳ ዳግመኛ ቢጠየቅ የሚከራከረው «ስሕተት የለበትም» ከተባለ መዝገብ ጋር ነው።

እንግዲህ መመርመሪያው የሚያረጋግጠው መዝገቡ ከራሱ ጋር መስማማቱን ነው፤ ከደረሰኙና ከመጋዘኑ ጋር መስማማቱን የሚያረጋግጠው ሰው ብቻ ነው። ይህ ልዩነት በሥልጠናው መጀመሪያ ላይ ሊሰጥ ይገባዋል። ከዚህም ሌላ ፕሮግራሙ የተመዘገበን ሒሳብ መሰረዝ ስለሚፈቅድ፣ ስሕተት በመሰረዝ ሳይሆን ምክንያቱ በተጻፈበት ማስተካከያ ምዝገባ መታረም እንዳለበት ሠልጣኙ መልመድ አለበት።

ፈተናውም በዚሁ መንፈስ ቢዘጋጅ ይመረጣል። ለሠልጣኙ ስሕተት ሆን ተብሎ የተጨመረበት ፋይል፣ የደረሰኞች ጥራዝና የመጋዘን ቆጠራ በአንድነት ይሰጠው። ነጥቡም የሚሰጠው ድምሩ እኩል ስለ መጣ ሳይሆን እያንዳንዱን ስሕተት ከየትኛው ማስረጃ እንዳገኘው ሲያስረዳ ይሁን። በዚህ መንገድ የሠለጠነ የሒሳብ ሠራተኛ መመርመሪያው «ስሕተት አልተገኘም» ሲለው ደረሰኞቹን አንሥቶ ወደ መጋዘኑ ይሄዳል።