የቁስል ድርሰት፤ በቤት ስለሚጻፉ የፍልሚያ ደንቦች

ስለ ጨዋታ ሂስ መጻፍ ጊዜ ማባከን የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው፣ በዳኛ መሪነት ታሪክ ሲፈጥሩ የሚተዳደሩበት ደንብ ራሱ ድርሰት ነው። በተለይም የፍልሚያው ደንብ ሰው እንዴት እንደሚቆስልና እንዴት እንደሚሞት የሚናገር ነውና፣ እንደ ማናቸውም ድርሰት ሊመረመር ይገባዋል።

የዚህ ጨዋታ በኩር የሆነው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» እ.ኤ.አ. በ1974 ሲታተም እርሱም የቤት ውስጥ ማሻሻያ ውጤት ነበር። ጋሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን በ1971 ባሳተሙት «ቼንሜይል» በተባለው የጦርነት ጨዋታ ተራ ወታደር በአንድ የተሳካ ምት ከሜዳ ይወገዳል። የሚኒሶታው ዴቭ አርነሰን ግን ተጫዋቾቹ ያሳደጉት ጀግና በአንድ ዕጣ ሲጠፋባቸው እንደሚከፉ በማየቱ፣ ቀደም ሲል ለብረት ለበስ መርከቦች ውጊያ ካዘጋጀው ደንብ የጉዳት መቁጠሪያውን ወስዶ ለሰው አዋለው። «የሕይወት ነጥብ» የሚባለው በዚህ መንገድ ወደ ጨዋታው ገባ።

ማሻሻያው ብልህ ነው፤ ተጫዋቹ ከገጸ ባሕርዩ ጋር ረጅም መንገድ እንዲጓዝ አስችሎታል። ቅራኔውም ከዚያው ይመነጫል። ሰው መርከብ አይደለም። በ1974ቱ ደንብ ከ20 ነጥቦቹ 19ኙን ያጣ ተዋጊ ክንዱ ሳይዝል፣ እግሩ ሳያነክስ፣ ልክ እንደ ጤነኛ ይሰነዝራል፤ የመጨረሻዋ ነጥብ ስትጠፋ ግን በድንገት ይወድቃል። ሞት አለ፤ ቁስል ግን የለም።

ይህን ጉድለት ካዩት አንዱ ስቲቭ ፔሪን ነበር። በ1976 በካሊፎርኒያ የራሱን የፍልሚያ ደንቦች ጽፎ ለተጫዋቾች አሠራጨ፤ በ1978 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር «ሩንኩዌስት»ን አሳተመ። በዚህ ጨዋታ ምቱ በራስ፣ በክንድ ወይም በእግር ላይ ያርፋል፤ ተመቺው በጋሻው ይመክታል፤ ጥሩሩም የምቱን ኃይል ይቀንሳል። ስመ ጥር ጀግና እንኳ በአንድ መልካም ምት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህም ተጫዋቹ ሰይፉን ከመምዘዙ በፊት መታረቅ ወይም መሸሽ እንደሚሻል ይመዝናል።

ጋይጋክስ በ1979 ለዳኞች ባወጣው መመሪያ፣ የሕይወት ነጥብ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ችሎታን፣ ዕድልንና የመለኮት ጥበቃን ጭምር የሚያመለክት ነው ሲል ተከራከረ። መልሱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የጠፋው ዕድል ከሆነ፣ በዚያው ደንብ መሠረት ስለ ምን እንደ ቁስል በዕረፍት፣ ያውም በቀን አንድ ነጥብ ያህል ብቻ ይመለሳል? ሐተታውና ደንቡ አልተስማሙም።

ይህ ማለት ግን ዝርዝር ሲበዛ እውነት ይበዛል ማለት አይደለም። ብዙ የቤት ደንብ ጸሐፊዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ጣትና ጅማት ሠንጠረዥ ያወጣሉ፤ የጥቂት ደቂቃ ፍልሚያ ሙሉ ምሽት ይፈጃል፤ ተጫዋቹም ተዋጊ መሆኑ ቀርቶ ሒሳብ ሠራተኛ ይሆናል። መለኪያው የሠንጠረዡ ብዛት ሳይሆን ደንቡ ለተጫዋቹ የሚሰጠው ምርጫ ነው። ሁለተኛውም መለኪያ ከዚህ አያንስም፤ ደንቡ ዕጣው ከመጣሉ በፊት በጠረጴዛው ዙሪያ ላሉት ሁሉ የታወቀ መሆን አለበት። ዕጣው ከወደቀ በኋላ ከዳኛው ልብ የሚወጣ ደንብ ፍርድ ሳይሆን አድልዎ ነው።

ጦርነትን በወሬ ሳይሆን በኑሮው የሚያውቅ አንባቢ ይህን ክርክር የልጆች ጉዳይ ነው ብሎ እንዳያልፈው እንጠይቃለን። ቁስልን የማያውቅ ደንብ ሰይፍ መምዘዝን ቀላል ያደርገዋል። በየክፍሉ ተቀምጦ የፍልሚያ ደንብ የሚጽፍ ወጣት በመጀመሪያ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ምቱ ስንት ነጥብ ይቀንሳል ብሎ ሳይሆን፣ የተመታው ሰው ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል ብሎ ነው።